የአምስት ሳንቲሜትር ጣጣ

መኪናውን ከፍ ያስደረገ ሰው ደስታው ሦስት ቀን አይሞላም። በመጀመሪያው ቀን ከሩቅ ሆኖ ሲያያት ይውላል። በሁለተኛው ቀን ሌላው እንዲያይለት ሰፈር ለሰፈር ያዞራታል። በሦስተኛው ቀን ጆሮው ይከፈታል። «ቋ» የሚል ነገር ይሰማል። ከዚያ ወዲያ ሬዲዮ የለ፣ ጨዋታ የለ። «እስቲ አንዴ ዝም በሉ!» ይላል መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፤ «አሁን ሰማችሁ? ከኋላ ነው ከፊት?» ተሳፋሪው ያልሰማውን ሰማሁ ይላል። ምን ያድርግ? አልሰማሁም ካለ ያንኑ ጉብታ ሲመላለሱበት ሊያመሹ ነው።

ይህን በሽታ በቅርብ ያየሁት በአንድ ወዳጄ ላይ ነው። ወዳጄ ደብል ጋቢና ሃይሉክስ አለው። ቶዮታ ሃይሉክስን መሥራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው፤ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ይህች ፒክአፕ በዓለም ዙሪያ ያልጫነችው የለም፤ እህል፣ ከብት፣ ወታደር፣ ሙሽራ። የወዳጄ ሃይሉክስ ግን ከሲኤምሲ ቦሌ፣ ከቦሌ ሲኤምሲ ስትመላለስ ከላፕቶፕ ቦርሳና ከቅዳሜ አስቤዛ የከበደ ነገር ተጭኖባት አያውቅም። እሷም አልከፋት፣ እሱም አልከፋው። ነገር የመጣው የትራፊክ መብራት ላይ ነው። አጠገቡ ሌላ ሃይሉክስ መጥታ ቆመች፤ ያው ቀለም፣ ያው ሞዴል፣ ግን ከፍ ያለች። ሾፌሩ ዘወር ብሎ ወዳጄን ቁልቁል አየው። የእኛ ሰው ብዙ ነገር ይችላል፤ ረሃብ ይችላል፣ ወረፋ ይችላል፤ በገዛ መኪናው ሞዴል ቁልቁል መታየትን ግን አይችልም።

ዕቃው ተገዛ። አውስትራሊያ ተሠርቶ በዱባይ ዞሮ የመጣ ነው፤ ለፊት ሁለት ሞላ፣ ለኋላ ሁለት ባሌስትራ። መኪናዋን አምስት ሳንቲሜትር ከፍ ያደርጋል ተብሏል። አምስት ሳንቲሜትር ምንድን ነው? አንድ ጣት እንኳ አይሞላም። ወዳጄም ያሰበው እንዲሁ ነው። መኪና ግን የምትሠራው በስምምነት ነው። የፍሬኑ ጎማ ቱቦ ርዝመቱ የተቆረጠው የባሌስትራው ቁመት ታይቶ ነው፤ ሾክ አብዞርበሩም፣ ትራንስሚሽኑም፣ የመብራቱ አቅጣጫም እንደዚሁ። አንዱ ወገን አምስት ሳንቲሜትር ከፍ ሲል የቀረው ሁሉ «እኛስ?» ማለቱ አይቀርም።

መጀመሪያ ያስቸገረው የኋላው ባሌስትራ ነው። ወጣቱ መካኒክ የፊተኛውን ጆሮ በቡሎን ያዘው፤ የኋለኛውን ወደ ሻክሉ ሲያስጠጋው ሁለት ጣት ያህል አጠረው። ገፋ፣ አልሄደም። በመዶሻ መታ፣ አልሄደም። «ጋሼ» አለ ላቡን እየጠረገ፣ «ይሄ ለዚህች መኪና የተሠራ አይደለም። አታለውዎታል።»

«አታለውዎታል» የሚለው ቃል ጋራዥ ውስጥ ሰው ይሰበስባል። ደላላው መጣ፤ «ይሄን ለእኔ ይስጡኝና ከሶማሌ ተራ ያገለገለ ኦሪጅናል ላምጣልዎት» አለ። በያጁ መጣ፤ «ጫፉን አሙቀን ብንስበውስ?» አለ። የባሌስትራ ብረት ጠባዩን ያገኘው ፋብሪካ ውስጥ በተለካ ሙቀት ነው፤ በብየዳ እሳት ከተነካ መለመጥ ትቶ መሰበር እንደሚጀምር ማን ያስታውሰው! መኪና አጣቢው ሳይቀር ሐሳብ ሰጠ። በመጨረሻ ጥግ ላይ ተቀምጠው ቡናቸውን ይጠጡ የነበሩ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ሲኒያቸውን አስቀምጠው መጡና ልጁን ጠየቁት።

«ልጅ ሆነህ ደጋን ሠርተህ ታውቃለህ?»

«አዎ፣ አባባ።»

«ይበልጥ ስታጎብጠው ጫፍና ጫፉ ይቀራረባል ወይስ ይራራቃል?»

«ይቀራረባል።»

«ታዲያ ይሄስ? ከድሮው የበለጠ ጎብጧል፤ ያጠረብህ ለዚያ ነው። መኪናዋ ስታርፍበት ይዘረጋል። ሻክሉን ወደ ፊት ሳበው፤ ሁለቱን ጆሮ መጀመሪያ ያዝ፤ ከዚያ አክስሉን ከሥር በክሪክ አምጣለት።»

እንደተባለው ተደረገ፣ ገባ። ደላላው ቅር ብሎት ሄደ።

በግራ በኩል እንዲህ በሰላም ያለፈው ነገር በቀኝ በኩል ችኮላ ገባበት። የባሌስትራውን ድርብርብ ብረቶች አንድ ላይ የሚያስረው የመሐል ቡሎን ጭንቅላቱ ወጣ ያለ ነው፤ አክስሉ ላይ በተዘጋጀለት ቀዳዳ ውስጥ ካልተቀመጠ አክስሉ ቦታውን አያውቅም። ልጁ ሳያየው በዩ ቦልት ጠረቀመው። መኪናዋ ወጣች፤ የቀኙ ጎማ ግን ወደ ኋላ ሸሽቶ ፓራፋንጎውን ሊነካ ምንም አልቀረው፤ ቀጥ ባለ መንገድም በጎኗ መሄድ አማራት። ወዳጄ «ጎማው ትልቅ ሆኖ ነው» ብሎ ሌላ ጎማ ዋጋ መጠየቅ ጀመረ። ሽማግሌው ግን ጎማ አልነኩም፤ ሜትር አወጡ። በግራ በኩል ከፊት ጎማ መሐል እስከ ኋላ ጎማ መሐል ለኩ፤ በቀኝ በኩልም ለኩ። ሁለቱ እኩል መሆን ነበረባቸው፤ አልሆኑም። ዩ ቦልቱ ተፈታ፣ ጭንቅላቱ ቀዳዳው ውስጥ ገባ፣ የጎማ ግዢው ቀረ። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል፤ ችኩል ባለመኪና ደግሞ ጎማ ይገዛል።

ሁሉም ቦታ ቦታውን ይዞ መኪናዋ መሬት ስትረግጥ ሌላ ነገር ታየ። አምስት ሳንቲሜትር የተባለው ከኋላ ስምንት ሆኗል። አፍንጫዋ ወደ ታች፣ ኋላዋ ወደ ላይ። ምክንያቱ መመሪያው ላይ ተጽፏል፤ መመሪያ ግን በእኛ አገር የሚነበበው ነገሩ ከተበላሸ በኋላ ነው። ባሌስትራው የተሠራው ሁልጊዜ 300 ኪሎ ጭነት ለሚሸከም መኪና ነው።

የሞላን ጠባይ እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ እ.ኤ.አ. በ1678 ባሳተመው ሥራው አስቀድሞ ጨርሶታል፤ ሞላ ቦታ የሚለቀው በተጫነው ልክ ነው፤ ጭነቱ እጥፍ ሲሆን መውረዱም እጥፍ ይሆናል። 50 ኪሎ ሲጫንበት 1 ሳንቲሜትር የሚወርድ ባሌስትራ ይኑር እንበል። 300 ኪሎ ለሁለት ባሌስትራ ሲካፈል ለእያንዳንዱ 150 ኪሎ ይደርሰዋል፤ 3 ሳንቲሜትር ይወርዳል። ሻጩ አምስት ያለው ይህን ቀንሶ ነው። የላፕቶፕ ቦርሳ ለጫነ ሰው ያቺ 3 ሳንቲሜትር እዚያው ላይ ትቀራለች። የኮብልስቶኑ ድንጋይ አንድ በአንድ ወገብ ላይ የሚቆጠረውም በዚሁ የተነሳ ነው፤ ባሌስትራው ሸክሙን እየጠበቀ ነው፤ ሸክሙ አልመጣም።

መፍትሔው ግልጽ ነበር፤ ለባዶ መኪና በሚሆን ለስለስ ባለ ባሌስትራ መቀየር፣ ወይም ዕቃው የሚፈቅድ ከሆነ ከሥር ካሉት ድርብርብ ብረቶች አንዱን ማስወጣት። ወዳጄ ግን «ለ300 ኪሎ ከፍዬበታለሁ» አለ፤ 300 ኪሎ ገዝቶ ጫነ። ስድስት ከረጢት ሲሚንቶ። መኪናዋ ወዲያው ተስተካከለች፤ ጉዞዋም ለሰለሰ። ችግሩ ሲሚንቶ የጫነ መኪና አዲስ አበባ ውስጥ ብቻውን መሄድ አለመቻሉ ነው። መብራት ላይ በቆመ ቁጥር መስኮት ይንኳኳል፤ «ጋሼ፣ በስንት ነው የሚለቁት?» ክረምት ሲገባ ደግሞ ሸራ ገዛላቸው። ሰው ጭነት ለመጫን ብሎ ባሌስትራ ሲገዛ ዓይተናል፤ ለባሌስትራ ብሎ ጭነት ሲገዛ ያየሁት በእሱ ነው። ነዳጁም እንደ ልማዱ መቁጠሩን አልተወም።

መዝመሟን ያገኘው ሎተሪ አዟሪ ነው። ወዳጄ ካፌ በር ላይ አቁሞ ሳለ አዟሪው አንድ ዓይኑን ጨፍኖ መኪናዋን ፊት ለፊት ተመለከታትና «ጋሼ፣ ወደ ግራ ዘምማለች፤ ነገ የሚወጣ አለ፣ አንድ ይቁረጡ» አለ። ሎተሪው አልወጣም፤ መዝመሟ ግን እውነት ነበር። ወዳጄ ሜትር ገዝቶ ከመሬት እስከ ፓራፋንጎ ለካ። ይህ ልኬት ደግሞ ያሳስታል፤ የጎማው ነፋስ ካነሰ፣ የቆመበት መሬት ካዘነበለ ቁጥሩ ይለወጣል። የሚለካው ሜዳ ላይ፣ ነፋሱ ተስተካክሎ፣ ከጎማው መሐል ቀጥ ብሎ እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ነው። ሥራው ከመጀመሩ በፊት ይህን አራት ቁጥር ወረቀት ላይ ያሰፈረ ሰው በኋላ ከማንም ጋር አይጨቃጨቅም። ያላሰፈረ ግን «ድሮም እንዲህ ነበረች» ከሚል መካኒክ ጋር ሲሟገት ይኖራል።

የዘመመችበት ምክንያት አስቂኝ ነው። አንዳንድ ዕቃ ላይ የግራና የቀኝ ሞላ እኩል አይደለም፤ የሾፌሩ ወገን ክብደት ስለሚበዛበት ትንሽ ከፍ ያለው ለእሱ ይሰጠዋል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1964 መኪናዎቿን ከግራ መንገድ ወደ ቀኝ አሻግራለች፤ ሾፌሯም በግራ ይቀመጣል። አውስትራሊያ እስከ ዛሬ በግራ መንገድ ትነዳለች፤ ሾፌሯ በቀኝ ነው። ልጁ መመሪያውን ለአንዴ አምኖ «ቀኝ» የተባለውን በቀኝ አስገባው። ስለዚህ ከፍ ያለው ሞላ ባዶ ወንበር ተሸክሞ ሲቆም፣ ዝቅ ያለው ደግሞ ወዳጄን ተሸከመ፤ ወዳጄ ቀላል ሰው አይደለም። ሁለቱ ቦታ ሲለዋወጡ መኪናዋ ቀጥ አለች።

የፊት ሞላን መፍታትና መግጠም ግን ለቀልድ አይመችም። ሞላው ሾኩ ላይ የሚታሰረው ተጨምቆ ነው፤ ለዚህ የተሠራ መጨመቂያ መሣሪያ አለ። በሽቦና በገመድ አስሮ የሚፈታ ጋራዥ ካያችሁ ቁልፋችሁን ተቀብላችሁ ውጡ፤ ያመለጠ ሞላ ፊት አያይም። የሞላው ጫፍ የሚያርፍባት ጎድጎድ ያለች ቦታም አለች፤ ጫፉ እሷ ላይ ካልተቀመጠ መሪ በተጠመዘዘ ቁጥር «ጠቅ» ይላል፤ ባለቤቱም የመሪ ዕቃ በከንቱ ሲቀይር ይከርማል።

አሁን ወደ «ቋ» እንመለስ። «ቋ» ብዙ አባት አለው፤ ርካሹን አባት አስቀድሞ መጠየቅ ነው። አንደኛ የዩ ቦልቱ ዳዶ ነው። አሮጌ ዩ ቦልት አንዴ ተጠርቅሞ ስለተለጠጠ ለአዲስ ባሌስትራ አይመለስም፤ አዲሱም ቢሆን ጥቂት ከተነዳ በኋላ እንደገና መጥበቅ አለበት። ሁለተኛ ቡሾቹ ናቸው። የባሌስትራው ጆሮ ቡሎን መኪናዋ በክሪክ ተንጠልጥላ ሳለች ከተጠረቀመ፣ የጎማው ቡሽ በዚያ ቦታ ይጣበቃል፤ መኪናዋ ስትወርድ ይጠመዘዛል፣ ይጮኻል፣ ብዙም ሳይቆይ ይቀደዳል። ቡሎኑን አላልቶ፣ መኪናዋን መሬት አስረግጦ፣ ትንሽ ወዲያ ወዲህ አንከባልሎ ማጥበቅ ገንዘብ አይጠይቅም። ሦስተኛው ሾክ አብዞርበሩ ነው፤ የወዳጄም «ቋ» እሱ ሆኖ ተገኘ። «ሾኮቹ ገና ናቸው» ብሎ አሮጌዎቹን አስቀርቶ ነበር። ገና መሆናቸው እውነት ነው፤ ግን አጭር ናቸው። ስፒድ ብሬከር ወርዳ አክስሉ ወደ ታች ሲንጠለጠል ሾኩ ርዝመቱን ጨርሶ ይደነግጋል። «ቋ» ያ ነው።

ስትነሳ የምትንቀጠቀጠውስ? በረጅሙ ደብል ጋቢና ላይ ትራንስሚሽኑ በሁለት ተከፍሎ መሐሉ ላይ በኩሽኔታ ይንጠለጠላል። ከኋላ ከፍ ስትል የትራንስሚሽኑ አቅጣጫ ይሰበራል፤ በመጀመሪያ ማርሽ ስትነሳ ወንበር ይርገበገባል። ወዳጄን አንዱ «ፍሪሲዮን ነው» አለው፤ ሌላው «የሞተር ጎማ ነው» አለው፤ ሁለቱም ዋጋ ነገሩት። ነገሩ ግን ኩሽኔታውን ከሻንሲው ትንሽ ዝቅ የሚያደርግ ቁራጭ ብረት ነበር።

ፍሬኑ ላይ ሁላችንም ሳቃችንን አቆምን። በብዙ ፒክአፖች ከኋላ አክስል ወደ ሻንሲ የተዘረጋች ቀጭን ዘንግ አለች። መኪናዋ ሲጫንባት ሻንሲው ወደ አክስሉ ይጠጋል፤ ዘንጓ «ከብዷል» ብላ ለኋላ ፍሬን ጉልበት ትጨምራለች። ሻንሲው ሲርቅ «ባዶ ነው» ብላ ትቀንሳለች። መኪናዋን ከፍ ያደረገ ሰው ይህችን ዘንግ ካላስተካከለ፣ ሦስት ኩንታል ሲሚንቶ ጭኖም «ባዶ ነው» ትላለች፤ የኋላው ፍሬን የሚይዘው ለይስሙላ ይሆናል። የፍሬኑን ጎማ ቱቦና የኤቢኤሱን ሽቦም መኪናዋን በሻንሲዋ አንስቶ፣ ጎማዎቹ እስከ መጨረሻ ተንጠልጥለው፣ መሪውም ወደ ግራና ወደ ቀኝ እስከ ጥግ ዞሮ ማየት ያስፈልጋል። የተወጠረ ካለ ይረዝማል ወይም መያዣው ይወርዳል። ይህ ለነገ አይባልም፤ ከጋራዥ ሳይወጣ ነው።

የቀረው ፊቷ ነው። ከፍ ስትል የፊት ጎማዎች አቋማቸው ይለወጣል፤ አላይመንት ካልተሠራ አዲስ ጎማ በአንድ ጎኑ ብቻ ያልቃል፤ መሪውም ወዲያ ወዲህ ይላል። የፊት ሻፍቶቹም ከለመዱት በላይ ስለሚያዘነብሉ፣ ቅባታቸውን የሚይዘው የጎማ ልባስ ቶሎ ይቀደዳል፤ ከአምስት ሳንቲሜትር በላይ የሚመኝ ሰው ይህን ደጋግሞ ያስብበት። መብራቱም ይነሳል። ወዳጄ ማታ ሲነዳ ከፊት የሚመጡት ሁሉ መብራታቸውን ብልጭ ያደርጉለት ነበር። አድናቆት መስሎት እጁን እያነሳ ሰላም ይላቸዋል። እነሱ ደግሞ ታውረው ነው።

ከሁሉም በላይ የከበደው ችግር ግን ጋራዥ የሚፈታው አልነበረም። እሑድ ማለዳ እናቱን ቤተ ክርስቲያን ሊያደርስ መጣ። እማማ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ በሩን ከፍተው፣ ወንበሩን ሽቅብ አዩት።

«ልጄ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«መኪናዬ ናት እኮ፣ እማዬ። ከፍ አስደርጌያት ነው።»

«ስላሴን! ለማን ብለህ?»

መልስ አልነበረውም። ከዚያ እሑድ ጀምሮ ከሲሚንቶው ጎን አንድ በርጩማ ተጨመረች። እማማ ሲወጡ ትቀርባለች፣ ሲወርዱ ትቀርባለች። ሠርግ ላይም፣ ለቅሶ ላይም፣ ወዳጄ በርጩማ ይዞ ከመኪናው ሲወርድ ያየው ሁሉ የራሱን ወንበር ይዞ የመጣ እየመሰለው «አይ ትሕትና!» ይላል።

ይህን ሁሉ ያወጋሁት ማንም መኪናውን ከፍ እንዳያደርግ አይደለም። ወደ አፋር፣ ወደ ኦሞ የሚወርድ፣ ጎርፍና ድንጋይ የሚጠብቀው፣ ዘወትር የሚጭን ሰው ያስፈልገዋል፤ ይጠቀምበታልም። ግን ሞላውና ባሌስትራው ከተገጠሙ በኋላ «ልክ አይደለም» የተባለው ነገር ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የእነሱ አይደለም፤ ሳይቀየር፣ ሳይረዝም ወይም ሳይስተካከል የቀረው ጎረቤታቸው ነው። ስለዚህ አደራ፣ መካኒኩን ከመክሰሳችሁ፣ ሻጩን ከመርገማችሁ፣ ባሌስትራውንም ቢላዋና ማጭድ ለሚሠራበት ባለእጅ ከመሸጣችሁ በፊት ፍሬኑን አስቀድማችሁ፣ ከዚያ የጭነቱን ልክ፣ ግራና ቀኙን፣ የመሐል ቡሎኑን፣ የዳዶዎቹን ጥብቀት፣ የሾኩን ርዝመት ተራ በተራ እዩ። ገና ሳትገዙም ወጪውን ስታሰሉ የሞላውን ዋጋ ብቻ አትጻፉ፤ የሾኩን፣ የዩ ቦልቱን፣ የአላይመንቱን፣ የፍሬን ማስተካከያውን፣ እናት ያላችሁም የበርጩማውን ጨምሩበት። ድምሩ ካስደነገጣችሁ እንዳለች ንዱዋት። ሃይሉክስ ከፋብሪካ ስትወጣም ዝቅተኛ መኪና አልነበረችም።